ለእሁድ ተሠርታ ለጦር የተመለመለች

ማርች 5 ቀን 2015 ከሰዓት በኋላ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለው የሳንታ ሞኒካ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ጣሪያ የሌላት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ተነሳች። የ1942 ሥሪት ናት። አብራሪዋም የ1942 ልጅ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ፤ ብቻውን ነበር። ወደ 1,100 ጫማ ከፍታ ላይ ሞተሩ ጉልበት ከዳው። ሰውዬው ለመቆጣጠሪያ ማማው በሬዲዮ ችግሩን ተናገረና ወደ ግራ ዞሮ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሞከረ። መንደርደሪያው ይታየዋል፤ ግን አይደርስበትም። ከፍታው ቶሎ ቶሎ አለቀበት። ከታች በመኖሪያ ቤቶች የተከበበው የፔንማር ጎልፍ ሜዳ ተዘርግቷል። አውሮፕላኗ የአንድ ረጅም ዛፍ ጫፍ ገጭታ ሣሩ ላይ ወደቀች። ጎልፍ ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች ሮጠው ደረሱ፤ ከመካከላቸውም ሐኪም ነበር። አጥንቱ ተሰብሮ ነፍሱ የተረፈችው አብራሪ የፊልም ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ሆኖ ተገኘ።

የእኛ አገር ተመልካች ፎርድን በደንብ የሚያስታውሰው በ1981 በወጣው ፊልም ታቦቱን ፍለጋ ግብፅ ድረስ ሄዶ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ነው። (አክሱም ጎራ ብሎ አንድ ዲያቆን ቢጠይቅ ኖሮ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ባለቀ ነበር።) የዚያን ቀን ወሬም ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። ስለ አውሮፕላኗ የተነገረው «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሮጌ አውሮፕላን» ከማለት ብዙም አላለፈም። አሮጌነቷ ልክ ነው። የጦርነት የመባሏ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። እናትዋ ከጦር ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራትም። ገንዘብ ያለው ሰው እሁድ ከሰዓት ነፋስ ፊቱን እየመታው ሰማይ ላይ እንዲንሸራሸርባት የተሠራች የስፖርት አውሮፕላን ነበረች፤ ራያን ኤስቲ ትባላለች። ጦሩ ሲመለምላት ከውበቷ ምን እንደተገፈፈ፣ በምትኩም ምን እንደተሰጣት ከስሟ ኋላ በተቀጠሉት ፊደላትና ቁጥሮች ላይ ይነበባል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟን የሰጣት ሰው ቱባል ክላውድ ራያን በ1898 ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ በምትባል ከተማ ተወለደ። በረራ የተማረው በጦር ሠራዊቱ ቤት ነው። በ1922 ሳንዲያጎ ወርዶ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈችና መንግሥት በርካሽ የሚሸጣት ዓይነት አንዲት «ጄኒ» አውሮፕላን ገዛና ሰው በገንዘብ ማንሸራሸር ጀመረ። በ1925 በሳንዲያጎና በሎስ አንጀለስ መካከል መደበኛ የመንገደኞች በረራ ከፈተ። ለዚሁ ሥራ ካሰለፋቸው አውሮፕላኖች ትልቋ «ክላውድስተር» ነበረች። ዶናልድ ዳግላስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሳታርፍ እንድታቋርጥ ብሎ ሠርቷት፣ ሙከራው ከሽፎበት የሸጣት ነች። አንዲት ብቻ ናት የተሠራችው። በኋላ ሜክሲኮ ኤንሴናዳ አጠገብ ባሕር ዳር ላይ በግድ አርፋ ማዕበል ሰባበራት። ክላውድስተር የሚለውን ስም ልብ በሉልኝ።

ራያን ከአውሮፕላን አብራሪነት ወደ ሠሪነት ተሸጋገረ። ባለጸጋው ሸሪኩ ፍራንክሊን ማሆኒ ገንዘቡን አወጣ፤ በ1926 ኤም-1 የተባለች የፖስታ አውሮፕላን ወጣች። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ግን ራያን ድርሻውን ለማሆኒ ሸጦ ወጣ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ1927 መጀመሪያ፣ አንድ ቀጭን የፖስታ አብራሪ ከኒው ዮርክ ፓሪስ ሳያርፍ የሚያደርሰው አውሮፕላን ፈልጎ ወደ ፋብሪካው መጣ። ቻርልስ ሊንድበርግ ነበር። ፋብሪካው በሁለት ወር ገደማ ሠርቶ በ10,580 ዶላር አስረከበው። ሊንድበርግ በሜይ ወር አትላንቲክን ከሠላሳ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ተሻግሮ ፓሪስ ሲያርፍ የራያን ስም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ላይ ወጣ፤ ባለ ስሙ ግን ከድርጅቱ ውስጥ አንድም አክሲዮን አልነበረውም። ዕድል አንዳንድ ጊዜ ሰውን ደጃፉ ላይ ታልፈዋለች። ድርጅቱ ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛወረ፣ ለሌላ ተሸጠ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀትም ከሰመ። ራያን ሳንዲያጎ ቀርቶ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። አውሮፕላን ወደ መሥራት የተመለሰው በ1934 ነው። አገሩ ድህነት ላይ ነበር፤ ሥራ ፈላጊው ከአምስት አንድ ያህል ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ለቅንጦት የሚሆን አውሮፕላን መሥራት የእብድ ንግድ ይመስላል። እሱ ያሰበው ግን ሁለት ገበያ ነበር። ኤስቲ የሚሉት ሁለት ፊደላት «ስፖርት» እና «ትሬይነር» የሚሉትን ሁለት ቃላት የያዙ ናቸው፤ ለሚዝናናውም ለሚማረውም ትሁን ማለቱ ነው። ጁን 8 ቀን 1934 የመጀመሪያዋ ተነሳች።

ፎቶግራፏን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ገላዋን ነው። በዚያን ጊዜ ትናንሽ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የብረት ቱቦ አጽም ላይ ሸራ ለብሰው የሚሠሩ ነበሩ። የኤስቲ ገላ ግን ከአሉሚኒየም ክቦች ላይ በተጠቀለለ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ቆዳው ነው። ቆርቆሮው ጠንካራ ቅይጥ ሆኖ ላዩ ላይ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን አለው፤ ይህ ከዝገት ይጠብቀዋል፣ ሲወለወል ደግሞ መስታወት ይሆናል። ባለቤቶቹ ቀለም መቀባት የሚጠሉት ለዚህ ነው። ክንፎቿ ግን የድሮውን ዘመን አልተዉም፤ ዋናው ምሰሶ እንጨት፣ የጎድን አጥንቶቹ አሉሚኒየም፣ ልባሱ ሸራ። ክንፉም በራሱ ጉልበት አይቆምም። ከገላዋ ላይኛው ክፍልና ከጎማዎቿ እግር የተወጠሩ ሽቦዎች ከላይም ከታችም ይይዙታል። በ1934 ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩ፣ አንድም ሽቦ የሌላቸው የመንገደኛ አውሮፕላኖች መብረር ጀምረው ስለነበር፣ ሽቦውን ኋላ ቀር ያለው አይጠፋም። እኔ ስሌት ነው እላለሁ። ያለ ሽቦ ክንፍን የሚያቆም ምሰሶ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ባለ መቶ የፈረስ ጉልበት አውሮፕላን ደግሞ ኪሎ የምታባክንበት አቅም የላትም።

የውበቷ ዋና ምስጢር ሞተሩ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አልበርት ሜናስኮ የሚባል ሰው አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበትና ተገልብጠው ወደ ታች የተንጠለጠሉበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ይሠራ ነበር። መገልበጡ ለጌጥ አይደለም። ሲሊንደሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ ፕሮፔለሩ የሚዞርበት ዘንግ ከላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩ መሬት ሳይነካ እግሮቿ አጭር መሆን ይችላሉ፣ አብራሪውም አፍንጫዋን አልፎ ወደ ፊት ማየት አያቅተውም። በአንድ መስመር መደርደራቸው ደግሞ አፍንጫዋን ቀጭንና ሹል አደረገው። ጎማዎቿም ባማረ ሽፋን ተከደኑ። የመጀመሪያዋ ኤስቲ ባለ 95 የፈረስ ጉልበት ነበረች፤ አምስት ብቻ ተሠሩ። ቀጥላ የመጣችው ኤስቲኤ 125 የፈረስ ጉልበት አገኘች፤ ባዶ ክብደቷ 466 ኪሎ ገደማ፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር። ከዚያ በላይ የሚሻ ደንበኛ አየር እየተጨመቀ የሚገባበትን፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለውን «ስፔሻል» ማዘዝ ይችል ነበር። ዋጋዋ ከ4,500 ዶላር በላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን በዚያ ገንዘብ ደህና ደህና መኪኖች በብዛት ይገዛሉ። እነዚህ የስፖርት ሥሪቶች ተደምረው መቶ እንኳ አልሞሉም።

ከገዙዋት መካከል አንዱ ቴክስ ራንኪን ነው፤ በ1937 ሴንት ሉዊስ ላይ የተደረገውን ዓለም አቀፍ የአየር ላይ ትርኢት ውድድር ባለ 150 ጉልበቷን ራያን ይዞ አሸነፈ። ይህን ለመረዳት ጭንቅላትን ወደ ታች ደፍቶ መብረር ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው ካርቡሬተር ውስጥ የምትንሳፈፍ ኳስ መሰል ነገር አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ትነሳና መግቢያውን ትዘጋለች፣ ሲጎድል ትወርድና ትከፍተዋለች። አውሮፕላኑ ሲገለበጥ ላይና ታቹ ይምታታባትና ሞተሩ ወይ ይራባል ወይ ቤንዚን ያፍነዋል። ዘይቱም እንዲሁ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ተገልብጦ የሚበር ሰው የነዳጁንም የዘይቱንም መንገድ ለይቶ ማሠራት አለበት። የራያን ትንሽነትና የክንፎቿ በሽቦ ተወጥሮ መጠንከር ለዚህ ሥራ አመቻት። ድንገት ወደ ጎን ስትወረወር በዓይን ቅጽበት ትሽከረከራለች፤ ስትታዘዝም ወዲያው ትቆማለች። ተመልካቹ ያጨበጨበለት ያ ፈጣን መታዘዝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ለጋ ተማሪዎችን ላብ በላብ እንደሚያደርጋቸው ያን ቀን የገመተ የለም።

ጦሩ በሩን ያንኳኳው በ1939 ነው። አውሮፓ በጦርነት ዋዜማ ላይ ናት፤ አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች ያስፈልጓታል፤ የራሷ የጦር ትምህርት ቤት ግን ያን ያህል ማስተማር አይችልም። ስለዚህ የግል የበረራ ትምህርት ቤቶች በኮንትራት እንዲያስተምሩ ተደረገ። የሳንዲያጎው የራያን ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ጦሩም አውሮፕላኗን ለመፈተን አንዲት፣ ቀጥሎም አሥራ አምስት ገዛ፤ ፒቲ-16 አላቸው። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ጦር ጀማሪ ተማሪ የሚሠለጥነው በባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ብቻ ስለነበር፣ ባለ አንድ ረድፍ ክንፍ የጀማሪ ማሠልጠኛ ሲቀበል ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

ችግሩ ከዚያ ጀመረ። የእሁዱ ባለቤት አውሮፕላኗን እንደ ሙሽራ ይይዛታል፤ ያሞቃታል፣ ይወለውላታል፣ ትንሽ በርሮ ያሳርፋታል። የጦር ተማሪ ሌላ ፍጡር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እየተፈራረቀ ይነሳል ይወድቃል፤ ፀሐይ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ተራ ይጠብቃል፤ ጎማውን መሬት ላይ ይጥለዋል። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሲሊንደሮችን አየር ሲያቀዘቅዝ ለኋለኛው የሚደርሰው የፊተኛው ያሞቀው አየር ነው፤ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ያም የለም። ቆንጆው ሜናስኮ ይህን ኑሮ አልቻለውም። በ1940 ተሻሽላ የመጣችው ፒቲ-20ም ብትሆን በዚሁ ሞተር ነበርና ከተሠሩት ሠላሳ አብዛኞቹ በኋላ ሞተራቸው ተቀየረ።

የተተካው ሞተር ኪነር ይባላል። የግሌንዴል፣ ካሊፎርኒያ ሥራ ነው፤ ኩባንያውን ያቋቋመው በርት ኪነር ለአሜሊያ ኤርሃርት የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የሸጠላት ሰው ነው። አምስት ሲሊንደሮቹ በክብ ዙሪያ ተሰክተው እያንዳንዱ በነፋሱ መንገድ ላይ ራቁቱን ይቆማል፤ ማንም የማንንም ትንፋሽ አይቀበልም። ለማቀዝቀዝ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ለዓይን ግን ሹሉ አፍንጫ ጠፍቶ ደረቱ የተገለጠ ጡንቻማ ነገር መጣ። በዚህ ሞተር ፒቲ-21 መቶ ተሠራች። ከዚያ ባለ 160 ጉልበቷ ፒቲ-22 መጣች፤ ፋብሪካው በራሱ አጠራር ኤስቲ-3ኬአር ይላታል። የጎማ ሽፋኖቹ ወለቁ፤ ጭቃ እየጠቀጠቀባቸው መካኒኩን አስመርረውት ነበርና። ገላዋ ክብ ብሎ ሰፋ፤ ክንፎቿም ሚዛኗን እንዲያስተካክሉ ወደ ኋላ አራት ዲግሪ ያህል ተጎተቱ። ባዶ ክብደቷ ወደ 596 ኪሎ አደገ። ውጤቱን ሲያነጻጽሩት ያስገርማል። ፒቲ-22 ከኤስቲኤ 35 የፈረስ ጉልበት ትበልጣለች፤ ፍጥነቷ ግን በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ውበት ጉልበት ነበር ማለት ነው፤ የተወለወለው ሹል አፍንጫና የተከደነው ጎማ አየሩን ለመቅደድ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይቆጥቡ ነበር። ጦሩ ያን ሸጦ የማይሞት ሞተር ገዛበት። 1,023 ፒቲ-22 አዝዞ ወሰደ፤ የባሕር ኃይሉም ኤንአር-1 ብሎ መቶ ተረከበ። አሉሚኒየም ቢያጥረን በሚል ስጋት ፒቲ-25 የምትባል የእንጨት ሥሪት ጭምር ተሞክራ አምስት ላይ ቆማለች።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቤቴ በር ላይ የማቆማት ኤስቲኤን ነው። የማከብራት ግን ፒቲ-22ን ነው።

በጃፓን የፐርል ሃርበር ጥቃት ማግስት የባሕር ዳሩ ሰማይ ለተማሪ በረራ ስለተከለከለ የራያን ትምህርት ቤት ከሳንዲያጎ ተነቅሎ በ1942 ወደ አሪዞና በረሃ፣ ቱሶን ሄደ። ሄሜት፣ ካሊፎርኒያ ላይም ሌላ ትምህርት ቤት ነበረው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መምህሩ ፊት ይቀመጣል፣ ተማሪው ኋላ። ብቻውን የሚበርም ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ ሚዛኗ የሚጠበቀው በዚያ ነውና። በሁለቱ መካከል ሬዲዮ የለም። መምህሩ አፉ ላይ ከያዘው መናገሪያ የሚወጣ የጎማ ቱቦ ተማሪው የቆዳ ቆብ ጆሮዎች ላይ ይገባል። ድምፅ የሚሄደው ወደ ኋላ ብቻ ነው። ተማሪው ይሰደባል፣ ይመከራል፣ ይታዘዛል፤ መመለስ አይችልም። መምህሩ ፊቱን የሚያየው በትንሽ መስታወት ነው። በረሃው ላይ ኪነሩ በአምስት ሲሊንደሩ ቀርፋፋ፣ የተቆራረጠ፣ ሞተሩ አሁን ሊቆም ነው የሚያሰኝ ድምፅ ያወጣል። ተማሪዎቹ «የሜይታግ ሜሰርሽሚት» ብለው ሰየሟት፤ ሜይታግ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሠሪ ነው፣ ሜሰርሽሚት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን። ቀልዱ መረር ያለ ፍቅር አለበት።

የሚያስፈራው ግን ድምፁ አይደለም። ማንኛውም ክንፍ የሚሸከመው አየሩ ጀርባውን ተከትሎ ሲፈስ ነው። አብራሪው አፍንጫዋን ከልክ በላይ ካነሳ፣ ወይም በዝግታ እየዞረ መሪ ዘንጉን አጥብቆ ከሳበ፣ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና የመሸከም ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህን ነው። ብዙ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ከዚያ በፊት ይንቀጠቀጣሉ፣ ያስጠነቅቃሉ፣ ይለምናሉ። ፒቲ-22 ብዙ አትለምንም። አንዱ ክንፍ ድንገት ይወርዳል፤ አብራሪው ከደነገጠና ዘንጉን ይበልጥ ከሳበ እንደ እንዝርት እየሾረች ቁልቁል ትሄዳለች። መውጫው ከደመ ነፍስ ተቃራኒ ነው። መሬት እየቀረበች ሳለ ዘንጉን ወደ ፊት መግፋት፣ ከሽክርክሪቱ ተቃራኒ ያለውን ፔዳል መርገጥ። ከፍታ ካለ ትመለሳለች፤ ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲዞር ከሆነ ግን ጊዜ የለም፤ በዚህ የሞቱ አሉ።

ታዲያ ጦሩ ለምን ለጀማሪ ሰጣት? በከፊል ሌላ ምርጫ ስላልነበረው፤ አውሮፕላን የሚባል ነገር ሁሉ ይፈለግ ነበር። በከፊል ደግሞ ቀጥሎ የሚጠብቃቸው አውሮፕላን ከዚህ የባሰ ምሕረት የለሽ ስለሆነ። በደጓ አውሮፕላን ተማሪው ስህተቱ ሳይታወቀው ስድሳ ሰዓት ሊበር ይችላል። ራያን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ታጋልጠዋለች። ዛሬም ባለቤቶቿ መጀመሪያ ከፍ ብለው ወጥተው ስቶሏን ሳያጠኑ ዝቅ ብለው አይዞሩባትም።

የፎርድን ፒቲ-22 አደጋ የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሪፖርትም ከዚህ ጋር ሲነበብ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ሞተሩን የገደለው ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የምትወስን ባለቀዳዳ ትንሽ ቡሎን ነበረች። በጊዜ ብዛት ከጥርሷ ላልታ ወጥታ ቤንዚን ያለ ልክ ገባ፤ ሞተሩ ታፈነ። አውሮፕላኗ ከታደሰች በኋላ ያቺን ቡሎን በየጊዜው ፈትሹ የሚል መመሪያ አልነበረም፤ በ1940ዎቹ የተሠራ ሞተር ሰባ ዓመት ይሠራል ብሎ ያሰበ ማን አለ? የትከሻ ቀበቶው አገጣጠምም ጉድለት ነበረበትና ጉዳቱን አብሶታል። አብራሪው በበኩሉ ፍጥነቱን ጠብቆ ነበር። ለመድረስ ሲል አፍንጫዋን ቢያነሳባት ኖሮ ክንፏ ከቤቶቹ በላይ ይከዳው ነበር። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ፣ መድረስ የቻለበት ሜዳ ላይ አሳረፋት፤ ቱሶን ላይ በጎማ ቱቦ ሲጮህ የነበረው ትምህርት ይኸው ነው።

ሌላኛው ቅርንጫፍ ባሕር ማዶ ነው። ከጦሩ ሥሪቶች በፊትና ጎን ለጎን ኤስቲኤም የምትባል የውጭ ገበያ ሥሪት ነበረች፤ ለሜክሲኮ፣ ለመካከለኛው አሜሪካና ለሌሎችም ተሸጣለች። አንዳንዶቹ መትረየስ እንዲይዙ ባለ አንድ መቀመጫ ተደረጉ፤ የእሁድ መንሸራሸሪያ ላይ መትረየስ መስቀል ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለእናንተ ትቻለሁ። ትልቁ ገዢ የሆላንድ ቅኝ ግዛት፣ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ነበረች። በሜይ 1940 ናዚ ጀርመን ሆላንድን ስትይዝ ቅኝ ግዛቷ ያለ እናት አገር ቀረች፤ አብራሪዎቿንም ራሷ ማሠልጠን ነበረባት። ከመቶ በላይ ራያኖች ወደ ጃቫ ተጫኑ፤ ከፊሎቹ በጎማ ፈንታ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉበት እግር እንዲገጠምላቸው ሆነው የተሠሩ ነበሩ። በማርች 1942 ጃቫ በጃፓን እጅ ስትወድቅ አንዳንዶቹ ተማረኩ፣ አንዳንዶቹ ተሰባበሩ። ከሠላሳ በላይ የሚሆኑት ግን በመርከብ አውስትራሊያ ደርሰው ለዚያ አገር አየር ኃይል ዋሉ፤ ከጦርነቱም በኋላ ለግለሰብ ተሸጡ። የሚያስቀው ነገር፣ ኤስቲኤም ዛሬ ከሙዚየም ውጭ ስትበር የምትገኘው በብዛት ከእነዚህ ከተሰደዱት ዘር መሆኑ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፒቲ-22 በትርፍ ንብረትነት ለፈለገ ሁሉ ተሸጠች። የራያን ድርጅት ግን ወደ ስፖርት አውሮፕላን አልተመለሰም። ጥቂት ዓመት ባለ አራት መቀመጫዋን ናቪዮን ሠርቶ፣ በ1951 አብራሪ የሌላትን «ፋየርቢ» አስነሳ፤ ለተኩስ መለማመጃ ዒላማ የምትሆን ጄት ናት። ከእሷ የተወለዱት የስለላ ሥሪቶች ከ1964 ጀምሮ በቬትናምና በቻይና ሰማይ ላይ ከ3,400 በላይ ጊዜ ተልከዋል። ድርጅቱ በ1969 ለቴሌዳይን ተሸጠ። በ1998 የመጀመሪያ በረራዋን ያደረገችው ግዙፏ ድሮን «ግሎባል ሆክ» የዚያው ቤት ሥራ ናት። ሁለት መቀመጫ በነፋስ ፊት ከፍቶ የጀመረ ፋብሪካ መቀመጫውን ራሱን አስወግዶ ሀብታም ሆነ።

ክላውድ ራያን ድርጅቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ቤቱ አልተቀመጠም። ከልጁ ጋር ሆኖ ራይሰን የምትባል ትንሽ ኩባንያ አቋቋመና አንዲት አውሮፕላን ሠሩ፤ ሞተሯን አጥፍታ በነፋስ ላይ መንሳፈፍ የምትችል፣ ክንፎቿ ከገላዋ በታች የሆኑ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ። በዲሴምበር 1976 በረረች። ሰውዬው ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ሞተ። የሞተሯ ጉልበት 100 ፈረስ ነው፣ ከ1934ቷ በአምስት ብቻ የሚበልጥ። ስሟን ኤስቲ-100 ክላውድስተር አላት። እንደ ዳግላሷ ክላውድስተር ሁሉ የተሠራችው አንዲት ብቻ ናት።